ዘጠኙን የሕዋ ጥናት ሳምንታት ቱሉ ዲምቱ ላይ ሆኖ መለማመድ

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው የተጻፈ ነው። አንደኛው ዓለም አቀፍ የሕዋ ጥናት ፕሮግራም ላይ ለማመልከት ያሰበ ነው፤ ሁለተኛው የመቀበያ ደብዳቤው ደርሶት "እስከ ጉዞው ምን ልሥራ?" እያለ ያለ ነው። የምጽፈው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ አቅጣጫውን ለራሳችሁ እያስተካከላችሁ ተጠቀሙበት።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሕዋ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋና ግቢው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከስትራስቡርግ ወጣ ብሎ ኢልኪርሽ በምትባል ቦታ ላይ ነው፤ እነሱም እንደ እኛው የከተማ ዳር ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። የበጋው ፕሮግራማቸው ግን በየዓመቱ አገር ይቀይራል። በ2017 አየርላንድ ኮርክ፣ በ2018 ሆላንድ ዴልፍት፣ በ2024 አሜሪካ ሂውስተን ነበር። ለረጅም ዘመን ዘጠኝ ሳምንት ሆኖ ቆይቷል፤ ስምንት የሚሆንበትም ዓመት አለ። ኢንጂነሩ፣ ሐኪሙ፣ የሕግ ባለሙያው፣ የንግድ ሰው፣ ሠዓሊው ከየአገሩ መጥተው አንድ አዳራሽ ይገባሉ። መጀመሪያ ሁሉም ስለ ሁሉም ዘርፍ ይማራል፣ ከምሕዋር ስሌት እስከ ሕዋ ሕግ፣ ከሮኬት እስከ ጠፈርተኛ አጥንት ድረስ። ይፈተናል። ከዚያ በየመረጠው ክፍል ጠለቅ ይላል፣ በመጨረሻም በቡድን ትልቅ ሪፖርት ጽፎ በእንግዶች ፊት ያቀርባል።

እንደኔ ከሆነ እዚያ ሰው የሚዝለው በፊዚክሱ ክብደት አይደለም። እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርቱ ይሮጥበታል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር መከራከር ያቅተዋል፣ ያልገባውን ሳይጠይቅ ያልፋል። እነዚህን በመጽሐፍ ማጥናት አይቻልም፤ ሰፈር ውስጥ ሆኖ መለማመድ ግን ይቻላል። ስድስት ሳምንት ማታ ማታ ይበቃል። ከተቻለ ብቻችሁን አትጀምሩ፤ ሌሎቹ ባያመለክቱም እንኳ አራት አምስት ጓደኛ ሰብስቡ።

ወረቀቱን አስቀድሙ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ፓስፖርታችሁ ከፕሮግራሙ ማብቂያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። ዲግሪያችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ የማረጋገጫው ሰልፍ የእናንተን የጉዞ ቀን አይጠብቅም። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው፤ በዚያ ወቅት ቪዛ የሚፈልገው ሰው ብዙ ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰ ዕለት ቀጠሮ ፈልጉ። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ የነፃ ትምህርት ዕድሉን የምትጠይቁት ስታመለክቱ እንጂ ከተቀበሏችሁ በኋላ መሆን የለበትም። ስታሰሉም የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የአውሮፕላኑን፣ የኢንሹራንሱንና የኪስ ገንዘቡን ጨምሩ።

የማመልከቻ ቀኖችን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በተለይ የመስከረምና የጥር ቀኖች ላይ ተጠንቀቁ፤ ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት መለየት ያለባችሁ እዚያ ነው።

ሰዓታችሁን በዩቲሲ አድርጉ

የሕዋ ሥራ በሙሉ የሚሄደው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት ነው። የሳተላይት ማለፊያ፣ የሮኬት መነሻ፣ ከሌላ አገር ቡድን ጋር የሚደረግ ስብሰባ ሁሉ በዚያ ይጻፋል። የእኛ ልጅ በአእምሮው ሦስት ጊዜ ይቀይራል፦ ከእኛ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ ዩቲሲ፣ ከዚያ ወደ አስተናጋጁ አገር። በመሃል ይሳሳታል።

አቋራጩ ይኸውላችሁ። ቀኑን እንደ ልማዳችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሩና እሱን ዜሮ በሉት። በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ። አለቀ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት 5 ሰዓት ዩቲሲ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት 9 ይሆናል። ማታ ከሆነ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት 13 ነው፣ 3 ሲደመርበት 16። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 24 ይሞላል፤ ዩቲሲ ቀን የሚቀይረው በዚያች ደቂቃ ነው። ፈረንጁን ሰዓት መሃል ማስገባት አያስፈልግም።

በምሳሌ እንየው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢትአርኤስኤስ 1፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትነሳ ሰዓቱ 3፡22 ዩቲሲ ነበር። በእኛ ሲቆጠር ንጋት 12፡22። ለዚህ ነው ሰዉ እንጦጦ ላይ በማለዳ ብርድ ተሰብስቦ በቀጥታ ሥርጭት ያያት። ቻይና ግን ረፋድ 11፡22 ነበር።

ለአንድ ሳምንት የስልካችሁን ሁለተኛ ሰዓት ዩቲሲ አድርጉና ከጓደኞቻችሁ ጋር ቀጠሮ በእሱ ብቻ ያዙ። "13፡30 ዩቲሲ ኮሚናሉ ጋ" ብሎ መጻፍ መጀመሪያ ያስቃል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ማንም አይስቅም። በነገራችን ላይ ዕድል ቀንቷችሁ ትምህርቱ ሴኡል ከሆነ ሰዓት መቀየር አይጠበቅባችሁም፤ ኮሪያ ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም የግድግዳ ሰዓታቸው ከእኛው አቆጣጠር ጋር አንድ ቁጥር ላይ ይቆማል። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ስንል እነሱም 2 ሰዓት ይላሉ፣ የከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው እንጂ።

ከበረንዳው ዲሽ ጀምሩ

ምሕዋርን ከመጽሐፍ ከመጀመር ኮንዶሚኒየሙን ዞር ብሎ ማየት ይሻላል። ከላይኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ሆናችሁ ዲሾቹን ቁጠሩና አቅጣጫቸውን ለዩ። በሁለት ወገን ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። አንደኛው ወገን ወደ ምዕራብ ያያል፤ ያ የናይልሳት ነው፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለው። ሌላው ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል ብሎ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ያ የኢትዮሳት ነው፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት የሚቀበለው። እኛ ያለነው 39 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ስለሆነ ኢትዮሳት ቅርባችን ነው፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ናይልሳት ግን ሩቅ ነው፣ ከፍታው 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄ፦ ዲሹ ሲታይ ለምን ከዚያ ያነሰ ከፍታ ላይ የሚያይ ይመስላል? የናይልሳቱ ሳህንማ ጎረቤትን ፊት ለፊት የሚያይ ነው የሚመስለው። መልሱ የሳህኑ አሠራር ውስጥ ነው። የቤት ዲሾች ከሙሉው ጎድጓዳ ቅርጽ ላይ ጎኑ ተቆርጦ የተሠሩ ስለሆኑ ሞገዱን የሚቀበለው ጭንቅላት፣ ኤልኤንቢው፣ ከፊት ለፊታቸው መሃል ላይ አይቆምም፣ ከታች በኩል ተጎልቶ ይጠብቃል፤ ሞገዱም ከላይ ሰያፍ መጥቶ ወደ እሱ ይንሸራተታል። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ ሲመጣ አብራችሁት ውጡ። እሱ ከላይ "አሁንስ?" ሲል፣ ከታች በመስኮት "መጣ! መጣ! ... ሄደ!" ሲባል፣ ሳህኑ በጣት ስፋት ሲንቀሳቀስ ምስሉ እንዴት እንደሚጠፋ ታያላችሁ። 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ ለዓመታት አንድ ቦታ የቆመ የሚመስል ነገር ላይ ማነጣጠር ማለት ያ ነው።

ያንኑ ዲሽ ለሕግ ትምህርቱም ተጠቀሙበት። ሁሉም ዲሽ የሚያየው ከምድር ወገብ በላይ ያለችውን አንዲት ቀለበት ነው፤ ቦታዋም የተወሰነ ነው። በ1967ቱ የሕዋ ስምምነት መሠረት የትኛውም አገር ሕዋን የእኔ ሊል አይችልም። ሆኖም በ1976 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ ስምንት የምድር ወገብ አገሮች፣ ጎረቤታችን ኬንያና ኡጋንዳም ከነሱ ጋር ሆነው፣ "ከአናታችን በላይ ያለው የቀለበቱ ክፍል የኛ ነው" ብለው ነበር። አልተቀበሏቸውም። ቡድናችሁን ለሁለት ክፈሉና ግማሹ ለኬንያ፣ ግማሹ ለስምምነቱ ይከራከር። ከዚያ ወገን ቀይሩ። በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ይገጥማችኋል፤ የማታምኑበትን ወገን ይዞ መከራከር ደግሞ ልምምድ ይፈልጋል።

ክረምቱ ሳይገባ ሰማዩን ጨርሱ

የፕሮግራሙ ወቅት ሲደርስ እኛ ጋ ደመና ነው፤ ስለዚህ የሰማዩን ሥራ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጨርሱ። ከመውጣታችሁ በፊት ለጥበቃው ንገሩ። አምስት ሰው በጨለማ ቆሞ ወደ ላይ ሲጠቁም ማን ደስ ይለዋል? "ጋሼ፣ ኮከብ ልናይ ነው፣ ለትምህርት ነው" ማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ እሳቸውም አብረው ይቆማሉ።

ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ጨብጡ። የጭብጡ ስፋት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ነው፤ ከአድማሱ አንድ ጭብጥ እንኳ አይሞላም። ከቱሉ ዲምቱ ሰሜን ማለት የከተማው መብራት ያለበት ወገን ስለሆነ ማግኘቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሱሉልታ ያላችሁ እዚህ ላይ ትበልጡናላችሁ። ሽሮ ሜዳ ያለ ሰው ደግሞ ባይለፋ ይሻለዋል፣ እንጦጦ ይጋርደዋል። ወደ ደቡብ ስንዞር ግን ሰማዩ የኛ ነው። ግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከአድማሱ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል ቆሞ ይገኛል። ከስትራስቡርግ ይህ የኮከቦች ስብስብ ጨርሶ አይታይም። በአንድ ምሽት ሁለቱንም ያየ ሰው በመጀመሪያው ቀን ትውውቅ ላይ የሚያወራው አያጣም።

ቀጥሎ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ ያዙ። ናሳ የማለፊያ ሰዓቱን በነፃ ያሳውቃል፤ ከመሸ ወይም ከመንጋቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚታየው፣ እኛ በጨለማ ውስጥ ሆነን እሱ ገና ፀሐይ ሲያገኘው። የኛ ሰማይ የቦሌ አውሮፕላኖች መንገድ ስለሆነ መለየቱን ተማሩ፤ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አውሮፕላን ነው፣ ጣቢያው ሳይርገበገብ ቢበዛ በስድስት ደቂቃ ያቋርጣል። አንዳንዴ ሰማይ መሃል ሲደርስ ቀስ ብሎ ይቀላና ይጠፋል። ደመና አይደለም፣ የምድር ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው። ጣቢያው ምድርን በ93 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራል፤ ታዲያ ከ93 ደቂቃ በኋላ ለምን ተመልሶ በአናታችን አያልፍም? ምድር በዚያ ጊዜ ውስጥ 23 ዲግሪ ያህል ስለምትዞር ነው። ይህችን አንድ ነገር ለሦስት ሰው አስረዱ፦ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ለእናታችሁና ለባለሱቁ። ባለሱቁ "እሺ፣ ገባኝ" ብሎ ወደ ሂሳቡ ከተመለሰ አልገባውም ማለት ነው፤ መልሶ ጥያቄ ከጠየቃችሁ ተሳክቶላችኋል።

አንድ ቅዳሜን ለእንጦጦ መድቡ። ታዛቢ ማዕከሉ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት፣ የሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያውም እዚያው ነው። ሳይጠይቁ መሄድ ዋጋ የለውም፤ አስቀድማችሁ በቡድን ስም አስፈቅዱ። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም እንዲህ ዓይነት ሰዎች የሚገናኙበት ቤት ስለሆነ አባል ሁኑ። ጃኬት አትርሱ።

የቡድኑ ሥራ

ብዙ ጉልበት የምታወጡት እዚህ ላይ ይሁን፤ ፕሮግራሙም የሚመዝናችሁ በዚሁ ነው።

ርዕሱ ከእግራችሁ ሥር ይሁን። "በአሥር ዓመት ውስጥ ሰፈራችን ላይ ምን ተቀየረ? ማን ምን አገኘ፣ ማን ምን አጣ? ሳተላይትስ የማያየው ምንድን ነው?" የሚለውን እንውሰድ። ምስሉ ነፃ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነሳውን በኮፐርኒከስ ብራውዘር ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ የአሜሪካው ላንድሳት ማኅደር ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ የተከፈተ ሲሆን ምስሎቹ ወደ ኋላ እስከ 1972 ይደርሳሉ። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ያለውን ቦታ በካርታው ላይ ክበቡ። አንድ የሴንቲኔል ፒክስል 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ መቶ ፒክስል አንድ ሄክታር፣ 25 ፒክስል ደግሞ አንድ ጥማድ ገደማ። በገበሬው መለኪያ መናገር መቻል በኋላ ይጠቅማችኋል።

ወር አመራረጡ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ብሎ የጥርን ምስል ይመርጣል። ጥር ላይ ግን አጨዳው አልቋል፤ የደረቀው ማሳ፣ አዲስ የተቆፈረው መንገድና የግንባታው አቧራ አንድ ዓይነት ፈዛዛ ቡኒ ይሆኑና ዓይን ይሸወዳል። ጥቅምትን ውሰዱ። ዝናቡ አቁሟል፣ ሰብሉ ገና አልታጨደም፣ ማሳውና ጣሪያው በግልጽ ይለያሉ። ቅርበ ታህተ ቀይ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ጨረር ባካተተው የቀለም ቅንብር ካያችሁት ሰብሉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ኮንዶሚኒየሙ ግራጫ። ከዓመት ዓመት ቀዩ ወደ ዳር ሲሸሽ ታያላችሁ።

አሁን ሥራ ተከፋፈሉ። አንድ ሰው ይለካል። አንድ ሰው የመሬት ሕጉን ያነባል። አንዱ ውኃውን፣ መንገዱንና ወጪውን ያያል። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያቀርባል። እና ማንም የለመደውን ሥራ አይውሰድ። ኢንጂነሪንግ የተማረው ሕጉን ያንብብ፤ ሕግ የተማረችው ፒክስል ትቁጠር። ሲጀመር ያበሳጫል። እዚያ ስትሄዱ ግን የብራዚል ሐኪም የሞተር ንድፋችሁን ሲተች ዓይናችሁ አይቀላም።

ሳተላይቱ የማያየውን ለመሙላት ሰው መጠየቅ አለ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው መንገድ ላይ ከብት የሚነዱ ሽማግሌ አይጠፉም። ሰላምታውን አታሳጥሩት። ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ ተጠይቆ ሲያልቅ "አባባ፣ ይሄ ብሎክ ያለበት ቦታ ድሮ ምን ነበር?" በሉ። "ጤፍና ሽምብራ። መረሬ ነው፣ በክረምት እግር ይይዛል" ይሏችኋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ካሳው ነው፣ ስለ ልጆቻቸው ሥራ ነው፣ የትኛው ማሳ የማን እንደነበር ነው። ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ፤ ካስፈለገ አስፈቅዱ። ያ ወሬ ከፒክስሉ ቆጠራ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ሪፖርታችሁ ሪፖርት ይሆናል።

ጊዜውን አጥብቁት፤ ሁለት ሳምንት፣ ስድስት ገጽ፣ አሥር ደቂቃ ገለጻ፣ በእንግሊዝኛ። ለስብሰባው ኮሚናሉን ከብሎክ ኮሚቴው አስፈቅዱ። ለቅሶ ወይም ዕድር ከመጣ ሳታንገራግሩ ልቀቁ፤ እንዲያውም ወንበሩን አብራችሁ አውጡ።

ይሉኝታን በቀጠሮ አስቀምጡት

ይሉኝታ ለጎረቤት ኑሮ መልካም ነው፤ ለዘጠኝ ሳምንት ትምህርት ግን ውድ ነው። መምህሩ ሲያወራ እኛ አንገታችንን እንነቀንቃለን፣ ሳይገባን። የቡድን ጓደኛችን የማይሆን ሐሳብ ሲያመጣ "ጥሩ ነው፣ ግን..." እንልና ግኑን ሳንጨርስ እንተወዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚያ ደግሞ መድኃኒቱ እስኪመጣ ሌላ ትምህርት ተጀምሯል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። የተቀዳ ትምህርት አብራችሁ ስታዩ በየአሥር ደቂቃው አቁሙና እያንዳንዱ ሰው አንድ "አልገባኝም" ይበል። የገባውም ሰው ይፈልግ፣ ያገኛል። ሲጻፍ ደግሞ የጓደኛችሁን ገጽ ስታርሙ መጀመሪያ የቱ መስመር እንደሚሠራ በጣት አሳዩ፣ ከዚያ የቱ እንደማይሠራና ለምን። "ቆንጆ ነው" የሚል አስተያየት አይፈቀድም። አስተያየት የሚሰጠው ሰው ቆሞ ሽሮ እየበላም ቢሆን ምክንያቱን ይናገር።

እንግሊዝኛችሁን ለብቻው አትጨነቁበት። እዚያ ካለው ሰው አብዛኛው እንደናንተው በሁለተኛ ቋንቋው ነው የሚናገረው። የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ግልጽነት ነው፤ በስልካችሁ የሦስት ደቂቃ ንግግር ቅዱ፣ አዳምጡት፣ ያልተሰማውን ቃል ቀይሩ፣ ድገሙት።

የልምምድ ሳምንት

ከስድስቱ ሳምንት አንዱን ሙሉ ለሙሉ እንደ ፕሮግራሙ ኑሩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሦስት የተቀዱ ትምህርቶች ተከታትለው፣ እያንዳንዳቸው ከተለያየ ዘርፍ፤ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በነፃ ለቋል፣ ናሳና የአውሮፓ ሕዋ ኤጀንሲም ቪዲዮ ሞልተዋል። ከምሳ በኋላ የቡድን ሥራ። ከእራት በኋላ እንደገና ቡድን፣ እስከ 4 ሰዓት። ሰኞ እስከ ቅዳሜ።

ቪዲዮውን በሌሊት ጥቅል አውርዱ፤ ቀን ላይ ኢንተርኔቱን ተስፋ አድርጋችሁ አትቀመጡ። መብራት ሲሄድ ትምህርቱ አይቆምም፤ ላፕቶፑና ፓወር ባንኩ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁኑ፣ ሁለቱም ካለቁ በጨለማ ክርክሩን ቀጥሉ። መገናኛ ድረስ ሄዳችሁ ካፌ አትቀመጡ፤ በታክሲ ሰልፍ የሚያልቀው ጊዜ ልምምዱን ይበላዋል።

ረቡዕ ማታ ትደክማላችሁ። ሐሙስ አንዱ ጓደኛ ይቀራል ወይም ይቆጣል። ያኔ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። ከዚያ ሌሊት በኋላ እንቅልፋችሁን ከስድስት ሰዓት በታች እንዳታወርዱ ሕግ አውጡና እዚያም ይዛችሁት ሂዱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተጻፈ ገጽ ጠዋት መልሶ ይጻፋልና።

ሻንጣው

ፕሮግራሙ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ይገጥማችኋል። የምትጾሙ ከሆነ የምግብ ፎርሙ ላይ ቪጋን ብላችሁ ሙሉና ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጡ፤ ፍልሰታ በፈረንጅ ኦገስት 7 ይጀምራል። ሐላል የምትበሉም እዚያው ላይ ጻፉ፣ ቦታው ደርሶ ከማስረዳት ይሻላል። ሽሮና በርበሬ ታሽጎ ይሄዳል። ንጥር ቅቤ ወደ አውሮፓ አይገባም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነውና እናታችሁን ቀድማችሁ አስረዱ፣ አየር ማረፊያ ላይ ሲጣል እንዳያዝኑ።

የባህል ምሽት አለ። ቡና ማፍላት ካሰባችሁ ጀበናውን በልብስ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ቡናውን ግን እዚሁ ቆልታችሁ ውሰዱ። ማደሪያ ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፣ እሳት አደጋ ይመጣል፣ ሕንፃው በሙሉ በሌሊት ልብሱ ይወጣል። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግራችሁ ግቢ ውስጥ አጭሱ።

እዚያ ስትደርሱ

በመጀመሪያው ሳምንት ከአገራችሁ ልጅ ጋር አትጣበቁ፣ ካለ። በየምሳው ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ሰውን የምታውቁት ትምህርቱ ሳይጨናነቅ ነው። ቤት የምትደውሉበትን ሰዓት አንድ ጊዜ ወስኑና አሳውቁ። ፈረንሳይ ወይም ሆላንድ ከሆናችሁ ልዩነቱ በበጋቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሂውስተን ከሆነ ስምንት ነው፣ የእናንተ ጠዋት የእነሱ ማታ ይሆናል።

የቡድን ርዕስ ሲመረጥ የታወቀውን ጨረቃና ማርስ ብቻ አትመልከቱ። የምድር ምልከታ፣ የእርሻ፣ የአደጋ መከላከል ርዕስ ካለ እዚያ ውስጥ የእናንተ ቃል ክብደት ይኖረዋል፤ የጥቅምቱን ምስልና የሽማግሌውን ወሬ አውጡት።

ሪፖርቱ ሊታተም ሲል ስማችሁን አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። እነሱ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ብለው ስለሚወስዱት፣ ዝም ካላችሁ በአያታችሁ ስም ትጠራላችሁ፣ በማውጫውም ሌላ ሰው ሆናችሁ ትገኛላችሁ። በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ስምና የአባት ስም፣ በማመልከቻውም በሰርተፍኬቱም አንድ ዓይነት ይሁን። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲላክ ገጹን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።